ኦርጅናል ብዬ የገዛሁት ሰዓት ፎርጂድ ሆነብኝ፤ ገንዘቤን ማስመለስ ይቻላል?

ግራ_የገባው

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ። ዛሬ ግን ቸገረኝ።

ከ5 ሳምንት በፊት ያገለገለ ሮሌክስ ሰብማሪነር ኢንተርኔት ላይ ካለ ሻጭ ገዛሁ። ሳጥኑ፣ የዋስትና ካርዱ፣ የመጀመሪያው ገዥ ደረሰኝ ሁሉም አብሮ መጣ። ዋጋው ከገበያው ትንሽ ዝቅ ያለ ብቻ ነበር። ይህን የምለው «ርካሽ አይተህ ዘለህ ገባህ» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። የ2 ዓመት ቁጠባዬን ነው ያፈሰስኩበት።

ባለፈው ሳምንት ማሰሪያው ስለሰፋኝ ለማሳጠር ሰዓት ሰሪ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው ሁለት ቁራጭ አወጣ። ከዚያ የፈታውን ብሎን አንስቶ በማጉያ አየው፣ ዝም አለ፣ ሰዓቱን ገልብጦ ደግሞ አየው። «ልጄ፣ በስንት ነው የገዛኸው?» አለኝ። ጥያቄውን ስሰማ ሆዴ ወረደ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መጀመሪያ «የማይሆን ነገር» አለ። ቀጥሎ ለስለስ ብሎ «መልሰህ ላክልኝና ካየሁት በኋላ ገንዘብህን እመልሳለሁ» አለ። ነገ ልልከው አስቤያለሁ። ግማሹን በካርድ፣ ግማሹን በባንክ ዝውውር ነው የከፈልኩት። ሻጩ ክፍያውን ለምን ለሁለት እንደከፈለው አልጠየቅኩም። (አዎ፣ አውቃለሁ።) ምን ትሉኛላችሁ?

የቅሬታ_ዴስክ

ወንድሜ፣ አትላከው። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ወደ ፖስታ ቤት ንቅንቅ እንዳትል።

የምሠራው የካርድ ክፍያ ቅሬታዎች በሚታዩበት ክፍል ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ እየመጣ ነው የሚሄደው። ሰዉ የሚሸነፈው እውነቱ ከእሱ ጋር ስላልሆነ አይደለም፤ ሰዓቱን ከእጁ አውጥቶ ባዶ እጁን ስለሚመጣ ነው። ዕቃው ለሻጩ ከደረሰ በኋላ «ይሄ እኔ የሸጥኩት አይደለም፣ ቀይሮ ነው የላከልኝ» ይላል። ያን ጊዜ ምን ታሳያለህ? ድንበር የሚሻገር ከሆነ ደግሞ ጉምሩክ ሐሰተኛ ዕቃ ብሎ ሊይዘው ይችላል። ላኪ ተብሎ የሚጻፈው ያንተ ስም ነው።

በካርድ ለከፈልከው፣ ካርዱን ለሰጠህ ባንክ ዛሬውኑ ደውልና ቻርጅባክ እንደምትፈልግ ንገራቸው። ክፍያው እንዲቀለበስ መጠየቅ ማለት ነው። ቪዛ ለሐሰተኛ ዕቃ ራሱን የቻለ ምድብ አለው፣ ቁጥሩ 13.4 ነው። ማስተርካርድ በ4853 ሥር ነው የሚያየው። የጊዜ ገደቡ በአብዛኛው 120 ቀን ነው። አንተ ጊዜ አለህ፤ ቢሆንም ቁጭ ብለህ አትቁጠረው።

አሁን የምነግርህን በደንብ ያዝልኝ። ሰዎች ቅጹ ላይ «ዕቃው እንደተገለጸው አይደለም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። እሱ ሌላ ምድብ ነው። እዚያ ከገባህ ዕቃውን ለመመለስ ሞክረሃል ወይ እየተባልክ ነው የምትከርመው። ያንተ ጉዳይ ሐሰተኛ ምርት ነው። በስልክም በጽሑፍም ይህንኑ ቃል ተጠቀም።

ማስረጃው ደግሞ የባለሙያ ጽሑፍ ነው። ከራሱ ከአምራቹ ወይም ከወኪሉ፣ ከጉምሩክ፣ ከፖሊስ፣ ካልሆነም በነገሩ ጥቅም ከሌለው ባለሙያ መምጣት አለበት። «አንድ ሰዓት ሰሪ ነገረኝ» አይበቃም።

ነገር_አዋቂ

እንዴት ሰው የ2 ዓመት ቁጠባውን በዓይኑ ላላየው ሰዓት ያስረክባል? ይቅርታ አድርግልኝ ግን በስልክህ ሰዓት ማየት አቃተህ?

ግራ_የገባው

@ነገር_አዋቂ ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣል ብዬ ነበር፣ ቀደምክ።

@የቅሬታ_ዴስክ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። መላኩን ትቼዋለሁ። አሁን ባንክ ልደውል ነው። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ከመግዛቴ በፊት የሰዓቱን ሴሪያል ቁጥር ፈትሼ ነበር። ትክክለኛ ቁጥር ነው። ምናልባት ሰዓት ሰሪው ተሳስቶ ቢሆንስ?

አሮጌው_ሰዓት_ሰሪ

ልጄ፣ ቁጥር ይገለበጣል። አንድ እውነተኛ ሰዓት ፎቶ ይነሳና ቁጥሩ መቶ ፎርጂድ ላይ ይቀረጻል። ካርዱም እንደዚያው ይታተማል። ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ያ ቁጥር የሆነ ቦታ መኖሩን ነው የሚነግርህ። አንተ እጅ ላይ ስላለው ምንም አይልም። ደግሞ ሮሌክስ ከ2010 አካባቢ ጀምሮ ቅደም ተከተል የሌለው ቁጥር ነው የሚሰጠው። ቁጥሩን አይተው «የዚህ ዓመት ምርት ነው» የሚሉህ የኢንተርኔት ሰንጠረዦች ለአዳዲሶቹ አይሠሩም።

በድሮ ጊዜ ሥራችን ቀላል ነበር። ፎርጂዱ ባትሪ ነበረው፣ የሴኮንዱ ዘንግ ቀጭ ቀጭ እያለ ይዘላል። ኦርጅናሉ ይፈስሳል። ዛሬ ያ የለም። የዘንድሮዎቹ ቅጂዎች ውስጣቸው አውቶማቲክ ማሽን ነው ያለው፤ በሰዓት 28,800 ምት፣ ልክ እንደ ኦርጅናሉ። ብረቱም ደህና ብረት ነው። ክብደቱም ቁጭ። ቀኑ ላይ ያለው አጉሊ መስታወት 2.5 እጥፍ ማጉላት አለበት፤ ርካሾቹ እሱን ይስቱታል፣ ውዶቹ ግን አይስቱም። 6 ቁጥር አካባቢ መስታወቱ ላይ በሌዘር የተጻፈችውን ትንሽ ዘውድ እንኳ ይሠሯታል። ብቻ አንዳንዱ ላይ በጣም ትልቅና ደማቅ ትሆናለች። እውነተኛዋን ማየት ዓይን ያስለቅሳል።

እንግዲህ ማሽኑን ሳያዩ መማል አይቻልም። ሰዓት ሰሪህ ከብሎኑ ጥርስ ተነስቶ ከጠረጠረ ዓይን ያለው ሰው ነው። ነገር ግን የኋላ ክዳኑ ይከፈት። አንተ ባለህበት ይከፈት፣ ስትከፍቱ ቪዲዮ ቅረጽ።

ጽሑፉን በተመለከተ። የሰዓት ሰሪው ስም፣ የሥራ ፈቃዱ፣ ማኅተም፣ ቀን፣ ፊርማ ይኑርበት። የሰዓቱ ሞዴልና ቁጥር ይጻፍ። ምን አይቶ እንደደመደመ ይዘርዝር፦ የማሽኑ ድልድዮች (ጥርሶቹን የሚይዙት ጠፍጣፋ ብረቶች) አጨራረስ፣ ጽሑፉ፣ ብሎኑ፣ የፊቱ ኅትመት። ፎቶዎቹ ይያያዙ። ከሁሉ በላይ ግን መደምደሚያው ቁርጥ ያለ ይሁን። የሙያ ጓደኞቼ ነገር ስለሚፈሩ «ኦርጅናል አይመስለኝም» ብለው ይጽፋሉ። አይመስለኝም ለባንክ ምን ይረባል? «ሐሰተኛ ነው» ተብሎ ይጻፍ።

የአምራቹ አገልግሎት ማዕከል ብትወስደው ቃሉ ይበልጥ ይከብዳል። ከማስረከብህ በፊት ግን ጠይቅ። ሐሰተኛ ሆኖ ካገኙት የማይመልሱ አሉ። ያለ ወረቀት ካስቀሩብህ ሰዓቱም የለህ፣ ማስረጃውም የለህ።

ግራ_የገባው

ጋሼ፣ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ነገ ጠዋት እመለስበታለሁ። «አይመስለኝም» እንዳይሉ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ።

ሌሊት_ወፍ

የእኔን ስሙኝ፣ ለሌላው ይጠቅማል። ያኔ በፔይፓል ነበር የከፈልኩት። ሻጩ «ለጓደኛና ለቤተሰብ በሚለው ላክልኝ፣ ኮሚሽን እንዳይቆርጡብን» አለኝ። የተቆረጠብኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዥ ዋስትና አያገኝም። ለዕቃና ለአገልግሎት በሚለው ብልክ ኖሮ ክርክር ለመክፈት 180 ቀን ነበረኝ።

ሁለተኛውን ሰዓት (አዎ፣ ሁለት ጊዜ፤ አትሳቁ) በትክክለኛው መንገድ ከፍዬ ክርክር ከፈትኩ። ሻጩ ወዲያው «ክርክሩን ዝጋውና ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ» አለኝ። አንድ ጊዜ ከተዘጋ እንደገና አይከፈትም። እሱ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም ነበር። ደግነቱ እህቴ እጄን ያዘችኝ። ደግሞ ክርክር ብቻ ከፍቶ መቀመጥም አይበቃም። በ20 ቀን ውስጥ ወደ አቤቱታ ካላሳደጋችሁት በራሱ ይዘጋል። መጨረሻ ላይ የባለሙያ ወረቀት አስገባሁ። ሰዓቱን እንዳጠፋውና ማስረጃ እንድልክ ጠየቁኝ። በመዶሻ መታሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያው ምት ደስ ይላል።

ነገር_አዋቂ

ይህ ሁሉ ጣጣ ከምን መጣ? ሰዓቱ ጥሩ ቅጂ ነው ብላችኋል፣ ሰዓት ሰሪ እንኳ ካልከፈተው አያውቀውም። ለሌላ ሰው ሽጦ መገላገል ነው። እሱም እንደተሸጠለት ነው የሸጠው።

አሮጌው_ሰዓት_ሰሪ

አንተ ልጅ፣ አፍህን በልክ ክፈት።

ሕግ_ተማሪ

@ነገር_አዋቂ ይህ ልጅ እስከ ባለፈው ሳምንት ተጎጂ ነበር። አሁን ሐሰተኛ መሆኑን አውቆ ቢሸጥ አጭበርባሪ ይሆናል። ለሻጩ የጻፈው መልእክት ራሱ ማወቁን ያረጋግጥበታል። «እንደ ቅጂ ነው የምሸጠው» ብሎ በግልጽ ቢናገር እንኳ የንግድ ምልክት ጥሰት ስለሆነ በብዙ አገር ያስጠይቃል። ሐሳቡ እዚህ ይቁም።

ወደ ጉዳዩ ስንመለስ፣ ጠያቂው የት አገር እንዳለ አልነገረንም፣ የመንገር ግዴታም የለበትም። ግን ከየቦታው የምታነቡ ስላላችሁ ጥቂት ልበል። እንግሊዝ አገር ያላችሁ በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ ቻርጅባክ ብቸኛው መንገድ አይደለም። የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ዕቃ ካርድ ሰጪውን ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። ከዋጋው ጥቂቱን ብቻ በካርድ ብትከፍሉም ጥያቄው ለሙሉው ዋጋ ነው። እንዳንተ ለሁለት ለተከፈለ ክፍያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ ያላችሁ የክሬዲት ካርድ ሒሳብ ስህተትን በጽሑፍ የምታሳውቁት ክፍያው ያለበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ነው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከነጋዴ በርቀት የተገዛ ዕቃ የ14 ቀን የመመለሻ መብት አለው፤ ከግለሰብ ከገዛችሁ ግን የለም።

የትም ብትሆን የማይቀረው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። አጭር ይሁን። ምን እንደገዛህ፣ ስንት እንደከፈልክ፣ ባለሙያው ምን እንዳለ፣ ገንዘቡን እስከ መቼ እንደምትጠብቅ። ስድብ አትጨምርበት። ነገ ዳኛ ያነበዋል ብለህ ጻፈው።

[ይህ መልስ በአወያዩ ተሰርዟል]

አወያይ

«እኔም ተበልቼ ነበር፣ አንድ ሐከር በ2 ቀን አስመለሰልኝ» የሚለውን መልስ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አካውንቱ ዛሬ ጠዋት ነው የተከፈተው። በውስጥ መስመር እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍላችሁ ካለ አትመልሱለት።

ግራ_የገባው

እኔ ጋ እኮ 3 መጥተዋል! አንዱ «የማስመለሻ ጠበቃ ነኝ፣ ገንዘብህ ተገኝቷል፣ የማስለቀቂያ ክፍያ ብቻ ነው የቀረው» ይላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

የቅሬታ_ዴስክ

የተበላ ሰው ተስፋ ስላለው በቀላሉ ደግሞ ይበላል። ቀድመህ ክፈል ያለህን ሁሉ ዝለለው።

እስካሁን ስለ ባንክ ዝውውሩ የነገረህ ሰው የለም፣ ስለዚህ ልጨምር። እሱ ከካርዱ ይከብዳል። በፈቃድህ የላክኸው ገንዘብ እንደ ካርድ አይቀለበስም። ቢሆንም ባንክህ ለተቀባዩ ባንክ የማጭበርበር ማስታወቂያ ልኮ ገንዘቡ ካልወጣ እንዲታገድ መጠየቅ ይችላል። 5 ሳምንት ረጅም ነው፣ አልዋሽህም። ግን አጭበርባሪ በአንድ አካውንት ብዙ ሰው ይቀበልበታል፤ ዛሬ ያንተ ባይኖር የሌላው ሊኖር ይችላል። ፖሊስ ጋ ሂድና አመልክት። የማመልከቻ ቁጥሩን ለባንኩ ስጥ። ያለ እሱ ቁጥር ወረቀትህ ክምር ውስጥ ነው የሚቀረው።

ክፍያውን ለምን ለሁለት እንደከፈለው ገባህ አይደል? የካርዱ ክፍል ለአንተ እምነት ነው፣ የዝውውሩ ክፍል ለእሱ ትርፍ።

ሻጭ_ነበርኩ

ልጻፍ አልጻፍ ስል ቆየሁ። እኔ በሌላኛው በኩል ነበርኩ።

ከሰው የገዛሁትን ኦሜጋ ለ4 ዓመት አስሬ ሸጥኩት። ከእኔ የገዛው ሰው ከ2 ወር በኋላ ደወለ። ፎርጂድ ነው አለ። የመጀመሪያ ስሜቴ ምን ነበር መሰላችሁ? ሊያጭበረብረኝ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ኦርጅናሉን አስቀርቶ ቅጂ ሊመልስልኝ። ሰውየው ግን አልጮኸም። «አብረን እንሂድና በእርስዎ ፊት ይከፈት» አለኝ። ሄድን። ተከፈተ። ክዳኑና ማሰሪያው እውነተኛ ነበር፣ ፊቱና ማሽኑ ግን አይደለም። የተቀላቀለ ሰዓት ነው። ለ4 ዓመት ጉራዬን የነፋሁበት!

ገንዘቡን በ3 ጊዜ ከፍዬ ጨረስኩለት። እኔ ግን የሸጠልኝን ሰው አላገኘሁትም። የምለው ይህ ነው፦ አንዳንድ ሻጭ ራሱ አያውቅም። መጀመሪያ «ሌባ» ብለህ ከጀመርክ የሚያውቀውም የማያውቀውም እኩል ስልኩን ይዘጋል።

ሌሊት_ወፍ

@ሻጭ_ነበርኩ አንተን ያገኘ ሰው እድለኛ ነው። ይሄኛው ግን ክፍያ ለሁለት የከፈለ ሰው ነው። አያውቅም ብዬ አላምንም።

ግራ_የገባው (ከ4 ቀን በኋላ)

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ሰዓት ሰሪው ክዳኑን ከፈተው። እሱ ሲያየው ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ከሩቅ ልክ ነው፣ በማጉያ ግን ፊደሎቹ ጠርዛቸው ይፈርሳል። 2 ገጽ ጻፈልኝ፣ 11 ፎቶ ተያይዟል። መጀመሪያ «ኦርጅናል ነው ለማለት ያስቸግራል» ብሎ ነበር። ጋሼ የነገሩኝን አንስቼ ለመንኩት፣ አስተካከለው።

ባንኩ ቅጹን ተቀበለ። ፖሊስም ጋ ሄጃለሁ። ሻጩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በደረሰው ማግስት ብሎክ አደረገኝ። ማስታወቂያውንም አወረደው። እናንተ ስክሪንሾት አንሳ ባትሉኝም እኔ በራሴ አንስቼው ነበር፣ በዚህ ብቻ ልኩራ። «መቶ በመቶ ኦርጅናል» የሚለው ቃል ከነዋጋው አለኝ።

የቅሬታ_ዴስክ

ኩራ፣ ይገባሃል። ባንኩ ገንዘቡን ቶሎ ቢያስገባልህ እንዳታጠፋው። ጊዜያዊ ነው። ሻጩ መልስ የመስጠት መብት አለው፤ ካሸነፈ መልሰው ይወስዱታል።

ግራ_የገባው (ከ7 ሳምንት በኋላ)

እንዳልሽው ሆነ። ገንዘቡ ገባ፣ ከዚያ ሻጩ መልስ ሰጠ። ምን ቢያቀርብ ጥሩ ነው? ዕቃው እንደደረሰኝ የፈረምኩበትን ወረቀት! ባንኩ «ዕቃው መድረሱ ተረጋግጧል» ብሎ ገንዘቡን መልሶ አወጣው። ያን ቀን ስልኬን ልወረውረው ነበር። ግን አልደረሰኝም ያለ ማን አለ? የደረሰኝ ሐሰተኛ ነው ያልኩት። በጽሑፍ ይግባኝ አልኩ። የባለሙያውን ወረቀት እንደገና አያያዝኩ፣ ከላዩ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር «ክርክሩ ስለ መድረስ አይደለም፣ ስለ ሐሰተኛነት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ትናንት መለሱልኝ። የካርዱ ግማሽ ተመልሷል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል የሚል ደብዳቤም ልከዋል።

የዝውውሩ ግማሽ ገና ነው። አካውንቱ ታግዷል፣ ግን ውስጡ የተገኘው ጥቂት ነው፤ እሱንም የምንካፈለው ብዙ ነን። ፖሊስ ከእኔ ሌላ ያመለከቱ እንዳሉ ነግሮኛል። የፍትሐ ብሔር ክሱን አብረን ልናስገባ እየተነጋገርን ነው።

ሰዓቱ አሁን ፖሊስ ጋ በፖስታ ታሽጓል። አንድ ጥያቄ ብቻ። ያ ሰዓት ሰሪ ዛሬ ደወለልኝ። ያን ቀን ያወጣቸው ሁለቱ የማሰሪያ ቁራጮች እሱ መሳቢያ ውስጥ ቀርተዋል። ልጣላቸው?

ሕግ_ተማሪ

እንዳትጥላቸው! ያስረከብከው ሰዓት ፎቶው ላይ ካለው ያጠረ ነው፣ ሻጩ «ሌላ ሰዓት ነው» ለማለት ይቺ ትበቃዋለች። ወስደህ አስረክብ፣ ዝርዝሩ ላይም «2 ቁራጭ» ተብሎ ይጻፍልህ።

አሮጌው_ሰዓት_ሰሪ

ብሎኖቹንም አትርሳ።